ቀጭን ነው ከተባለ በኋላም ያልቆመው ደም፦ የአንድ እናት ጉዳይ

የ63 ዓመት እናት ናቸው። ካረጡ 11 ዓመት ሆኗቸዋል። በስምንት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ደም አይተዋል። በመካከሉ በአልትራሳውንድ ታይተው «የማህፀን ግድግዳው ቀጭን ነው፣ አያሰጋም» ተብለዋል። እኛ ጋ የመጡት ይህን ከሰሙ በኋላ ደሙ እንደገና ሲመጣባቸው ነው።

ጉዳዩን የምጽፈው ብርቅ ስለሆነ አይደለም። «ቀጭን ነው» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የምርመራ መጨረሻ ተደርጎ ስለሚወሰድ ነው። መጨረሻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የማይሆንበት ጊዜም አለ፤ የእኚህ እናት ጉዳይ ከዚህኛው ወገን ነው። ማንነታቸው እንዳይለይ አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ።

ደሙ ሲጀምር

የመጀመሪያው ደም እዚህ ግባ የማይባል ነበር። የውስጥ ልብሳቸው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አዩ፤ በማግስቱ ጠፋ። ለማንም አልተናገሩም። በኋላ ስጠይቃቸው «በዚህ ዕድሜዬ ይሄን ምን ብዬ ላውራ?» ነው ያሉኝ።

ሁለተኛው ከሁለት ወር በኋላ መጣ። አሁን ቀይ ነው፤ ሦስት ቀን ቆየ። ሽንት ቤት ሲገቡ ስላዩት የሽንት ቧንቧ ሕመም መሰላቸው። ሄደው ሽንታቸው ተመረመረ። ኢንፌክሽን ነው ተባሉ፤ አንቲባዮቲክ ተሰጣቸው። ደሙ ቆመ። መድኃኒቱም ሠራ ተባለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከማህፀን ግድግዳ የሚመጣ ደም ሄድ መለስ ይላል። ምንም ሳይደረግለት ይቆማል፤ ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ደሙ መቆሙ የተሰጠው መድኃኒት ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ይህ ነገር ታካሚዋንም ሐኪሙንም ያዘናጋል። ብዙ ወራት የሚባክኑት እንዲህ ነው።

በሦስተኛው ጊዜ ልጃቸው ልብስ ስታጥብ አየች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ። ወስዳ አሳየቻቸው። መጀመሪያ በሆድ በኩል አልትራሳውንድ ተነሱ፤ «ከትንሽ ማዮማ (ካንሰር ካልሆነ የማህፀን ጡንቻ ዕጢ) በቀር ደህና ነው» ተባለ። ከዚያ በብልት በኩል በሚገባው መሣሪያ ታዩ። የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ውፍረት 3.4 ሚሊሜትር ሆነ። በዕድሜ የመጣ መሳሳት ነው ተብለው የሚቀባ ክሬም ተሰጣቸው። አራተኛው ደም የመጣው ክሬሙን እየተጠቀሙ ሳለ ነው።

ያመጡትን ወረቀት ሁሉ አየሁት። የአልትራሳውንድ መጠየቂያው ላይ የተጻፈው «ከማረጥ በኋላ ደም» ብቻ ነው። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ የሚል ነገር የለም። መሣሪያውን የያዘው ሰው ይህ ሦስተኛ ደም መሆኑን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ውጤቱን የተቀበለው ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አየ። ማንም ሥራውን አልተወም፤ ግን ዋናው መረጃ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሳይሻገር ቀረ።

«ስንት ጊዜ ነው ያዩት?»

እኔም ስጠይቃቸው መጀመሪያ ያሉኝ «አንዴ ነው» ነበር። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች። ትንሽ ውጭ እንድትቆይ ጠየቅኳት። ከዚያ ጥያቄውን ለወጥኩት። «እማማ፣ ከዚህኛው በፊት ትንሽ እድፍ እንኳ አይተው ያውቃሉ? ቡናማም ቢሆን፣ ውሃ የመሰለ ሮዝ ፈሳሽም ቢሆን?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «እሱማ ነበር፣ ልጄ» አሉኝና አንድ በአንድ ነገሩኝ።

ይህ ጨዋታ የምርመራው ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ እናቶች «ደም» ሲባሉ እንደ ወር አበባ የሚወርድ ነገር ነው የሚታያቸው። ጠብታውን፣ እድፉን፣ ሲጠርጉ የሚታየውን ሮዝ ቀለም አይቆጥሩትም። እኛ ግን እንቆጥረዋለን። አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ ያለ ሌላ ምክንያት ሙሉ 12 ወር ከቀረ ነው። ከዚያ በኋላ የሚታይ ደም መጠኑ ምንም ይሁን ምን «የወር አበባ ተመለሰ» ተብሎ አይታለፍም።

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው። ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ የብልትና የማህፀን ግድግዳ ይሳሳል፤ የሳሳ ነገር ደግሞ በቀላሉ ይደማል። ቀጥሎ ፖሊፕ፣ ማለትም ከግድግዳው ላይ የሚበቅል ትንሽ ሥጋ፣ አለ። ሃይፐርፕላዥያ የሚባለው ከመጠን ያለፈ የግድግዳ ማደግም አለ። የማህፀን ግድግዳ ካንሰር የሚገኘው ካረጡ በኋላ ከሚደሙ ሴቶች ወደ 9 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነው። ከሌላው በኩል ሲታይ ግን ካንሰሩ ካለባቸው ያረጡ ሴቶች 90 በመቶ ያህሉ ደም አይተዋል። ማለትም ይህ በሽታ ምልክት የሚሰጥ በሽታ ነው። ደሙ ሳይናቅ ከተመረመረ ብዙውን ጊዜ በጊዜ ይደረስበታል።

ሌላውን ታሪክ ፈጥኜ ልለፍ። የደም ግፊት አለባቸው፤ መድኃኒት ይወስዳሉ። ስኳር የለባቸውም። አራት ልጆች ወልደዋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የሆርሞን ሕክምና፣ ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ታሞክሲፈን፣ አንዱንም አልወሰዱም። በቤተሰባቸው የአንጀትም ሆነ የማህፀን ካንሰር የለም። ቀጭን ሴት ናቸው።

ይህ መጨረሻ ያልኩት ነገር ሚና ነበረው። ስለ ማህፀን ግድግዳ ካንሰር ሲነሳ በብዙ ባለሙያ አእምሮ የምትመጣው ወፍራም፣ ስኳርና ግፊት ያለባት ሴት ናት። ምክንያትም አለው። ካረጡ በኋላ ኦቫሪ (እንቁላል አመንጪው አካል) ኢስትሮጅን ማምረቱን ሲተው፣ የሰውነት ስብ ሌሎች ሆርሞኖችን ወደ ኢስትሮጅን ይለውጣል። ያ ኢስትሮጅን ተቆጣጣሪ ፕሮጄስትሮን በሌለበት ግድግዳውን ያሳድገዋል፤ ግድግዳው ይወፍራል፤ ከጊዜ በኋላ ወደ ካንሰር ሊቀየር ይችላል። በብዛት የሚታየው ዓይነት ይህ ነው። ግን ብቸኛው አይደለም።

ደሙ ከየት ነው?

ወደ ማህፀን ውስጥ ከመግባታችን በፊት ደሙ በእርግጥ ከዚያ መምጣቱን ማወቅ አለብን። አልጋው ላይ ሆነው ብልትን ከፈት አድርጎ በሚያሳየው መሣሪያ፣ በስፔኩለም፣ አየኋቸው። የብልት ግድግዳው ገርጥቷል፣ ሳስቷል፤ የዕድሜ ለውጥ አለ። ቁስል ግን የለም። የማህፀን በሩ ንጹህ ነው። ከቀዳዳው ጥቂት ያረጀ ደም ሲወርድ አየሁ። ፊንጢጣውንም መረመርኩ፤ ደም የለም። ሽንታቸው በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ተወስዶ ሲታይ ደም አልነበረበትም።

ይህ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው። ግን በሚገርም ሁኔታ ይዘለላል። እኚህ እናት ያንን ሁሉ ወር ሲመላለሱ የማህፀን በራቸውን በዓይኑ ያየላቸው ሰው አልነበረም። የማህፀን በር ካንሰርም ካረጡ በኋላ ደም ያመጣል። እሱን ለማየት ደግሞ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ መብራትና ስፔኩለም ይበቃል። ለማህፀን በር ምርመራ የሚሆን ናሙናም አብሬ ወሰድኩ፤ ውጤቱ በኋላ ደህና መጣ።

እንግዲህ የብልት መሳሳቱ እውነት ነው። ደሙም ከማህፀን ውስጥ ነው። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በ63 ዓመት የብልት ግድግዳ ሳሳ ብሎ ማየት የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ስለተገኘ ብቻ የደሙ ምክንያት እሱ ነው ማለት አይቻልም።

ስለዚያ ቁጥር

አልትራሳውንዱን ደገምነው። ውፍረቱ 3.8 ሚሊሜትር መጣ። በ3.4 እና በ3.8 መካከል ያለው ልዩነት በአለካክ ብቻ ሊመጣ የሚችል ነው፤ «አደገ» አያሰኝም። ሁለቱም ከ4 በታች ናቸው።

ይህ 4 ሚሊሜትር ከየት መጣ? የማህፀን ግድግዳ ፊትና ኋላ ሁለት ንጣፍ አለው። በብልት በኩል በሚገባው አልትራሳውንድ ማህፀኑ በርዝመቱ ይታይና ንጣፎቹ ተደምረው በጣም ወፍራም በሆኑበት ቦታ ይለካሉ። በመካከላቸው ፈሳሽ ካለ ፈሳሹ አይቆጠርም። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2018 ባወጣው መመሪያ መሠረት ካረጠች በኋላ ደም ያየች ሴት ግድግዳዋ 4 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ፣ ካንሰር የለባትም ብሎ መገመት ከ99 በመቶ በላይ ትክክል ይሆናል። ለዚያች ሴት ወዲያው ከግድግዳው ናሙና መውሰድ አያስፈልግም። ይህ ጥሩ ነገር ነው። ብዙ ሴቶችን ከማያስፈልግ ሕመምና ጭንቀት አድኗል።

ነገር ግን መመሪያው ራሱ ድንበር አለው። አንደኛ፣ የሚሠራው ለመጀመሪያ ጊዜ ለደማች ሴት ነው። ደሙ ከተመለሰ ወይም ካልቆመ ግድግዳው ምንም ያህል ቀጭን ቢሆን ናሙና ይወሰዳል። ሁለተኛ፣ ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ በደንብ መታየት አለበት። ካልታየ ቁጥሩ ቁጥር አይባልም፤ ሌላ ምርመራ ይታዘዛል።

እኚህ እናት በሁለቱም በኩል ከመመሪያው ውጭ ናቸው። ደሙ አራተኛ ነው። ግድግዳውም ሙሉ በሙሉ አልታየም። በማህፀኑ አናት በቀኝ በኩል ያለው ማዮማ ካልሲየም ይዞ ስለጠጠረ ከኋላው ጥላ ጥሏል። የቀኙ ማዕዘን ጥላው ውስጥ ገብቷል። 3.8 ሚሊሜትር የተለካው ከሚታየው ክፍል ነው። የማይታየው ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅም። የመጀመሪያው ሪፖርት ማዮማውን ጠቅሶታል፤ ጥላውን ግን አልጠቀሰውም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ለጥቁር ሴቶች በተለይ መነገር ያለበት ነው። በ2024 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ማህፀናቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን 1,494 ጥቁር ሴቶች መረጃ አይቶ ነበር። 210ሩ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ነበረባቸው። ከእነዚህ 11.4 በመቶ የሚሆኑት ግድግዳቸው ሲለካ ከ5 ሚሊሜትር በታች ነበር። በቁጥሩ ብቻ ቢኬድ ኖሮ እነዚህ ሴቶች ያመልጡ ነበር። በጥናቱ የታዩት ማህፀናቸው ሊወጣ የተወሰነላቸው ሴቶች ስለሆኑ፣ ይህን መቶኛ እንዳለ ወደ ሁሉም ሴት ማዛወር አይቻልም። ሆኖም ቀላል ማስጠንቀቂያ አይደለም።

ቀጭን ግድግዳ ላይ የሚበቅል ካንሰር ማለት ምን ማለት ነው? ሴረስ የሚባል ዓይነት አለ። ኢስትሮጅን አይፈልግም። የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከሳሳ ግድግዳ ወይም በሳሳ ግድግዳ ላይ ካለ ፖሊፕ ነው። ግድግዳውን ሳያወፍር ቶሎ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛመት ይችላል። ከማህፀን ግድግዳ ካንሰሮች ውስጥ ጥቂቱን ክፍል ብቻ ይይዛል፤ ከሚሞቱት ውስጥ ግን ድርሻው ከቁጥሩ በላይ ነው። በጥቁር ሴቶች ላይ ደግሞ ከነጮች በበለጠ ይታያል።

በዚሁ አጋጣሚ ተቃራኒውንም ልናገር። ምንም ደም ሳያዩ ለሌላ ነገር አልትራሳውንድ ተነስተው «ግድግዳሽ 6 ሚሊሜትር ነው» ተብለው ደንግጠው የሚመጡ ሴቶች አሉ። የ4 ሚሊሜትሩ መስመር የተሠመረው ለሚደሙ ሴቶች ነው። ለማይደሙት አይደለም። ደም በሌለባት ያረጠች ሴት ላይ ብዙ ባለሙያዎች ናሙና ለመውሰድ የሚያስቡት ውፍረቱ ከ11 ሚሊሜትር ሲያልፍ ወይም ሌላ የሚያሳስብ ነገር ሲኖር ነው። 6 ተብሎ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ማጣት አይገባም።

«በቂ አይደለም» እና «ምንም የለም»

በዚያው ቀን ናሙና ለመውሰድ ተስማሙ። ፒፔል የሚባለው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ነው። በማህፀን በር ይገባል፤ ውስጡ ያለው ዘንግ ሲሳብ ግድግዳውን መጥጦ ትንሽ ቲሹ ይይዛል። ማደንዘዣ ሳይኖር እዚያው ምርመራ ክፍል ይሠራል። ሕመሙ እንደ ብርቱ የወር አበባ ቁርጠት ነው፤ ቀደም ብለው የሕመም ማስታገሻ ወስደዋል። የማህፀን በራቸው ጠቦ ስለነበር ትንሽ አስቸገረን። በመጨረሻ ገባ። የወጣው ግን ጥቂት ደምና ንፍጥ የመሰለ ነገር ነው።

ቲሹን በማይክሮስኮፕ የሚያየው የፓቶሎጂ ክፍል ውጤት እንዲህ አለ፦ ለምርመራ በቂ ቲሹ የለም፤ ጥቂት የሳሳ ሕዋስ ታይቷል።

ልጃቸው ወረቀቱን አንብባ ፊቷ በራ። «እንግዲህ ምንም አልተገኘም ማለት ነው አይደል ዶክተር?» አለችኝ። ደሙም በዚያ ሳምንት ቆሞ ነበር። እናትየውም «ይብቃኝ፣ ልጄ፣ ተዉኝ» አሉ።

ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ይያዝልኝ ብባል ይህን እመርጣለሁ። «በቂ ናሙና አይደለም» ማለት «ካንሰር የለም» ማለት አይደለም። ምርመራው አልተደረገም ማለት ነው። ካረጡ በኋላ በደሙ ሴቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ በእንዲህ ዓይነት ቱቦ ከተወሰዱ ናሙናዎች 31 በመቶው በቂ ሳይሆን ቀርቷል። ናሙናው መውሰዱ ካልተሳካላቸው ወይም በቂ ካልሆነላቸው ሴቶች ውስጥ በኋላ 7 በመቶ ያህሉ ላይ ካንሰር ወይም የካንሰር ቅድመ ሁኔታ ተገኝቷል። አንዴ ደምታ ግድግዳዋ በሙሉ ታይቶ ቀጭን ለሆነች ሴት በቂ ያልሆነ ናሙና ከመሳሳቱ ጋር ይስማማል፤ መጠበቅ ይቻላል። አራት ጊዜ ለደማች ሴት ግን አይቻልም።

ፒፔል መጥፎ መሣሪያ አይደለም። ካንሰሩ ግድግዳውን በሰፊው ከያዘ አይስተውም ማለት ይቻላል። ችግሩ በአንድ ጥግ ብቻ ያለ ነገር ሲሆን ነው። በአንድ የ1993 ጥናት ፒፔል በአማካይ የነካው ከግድግዳው ስፋት 4 በመቶ ያህሉን ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳውን በአንድ ጣት ነክቶ ስንጥቅ የለውም እንደማለት ነው። ፖሊፕ ደግሞ ይንሸራተታል፤ ቱቦው ሲመጣ ወደ ጎን ዘወር ይላል።

ይህን ለሁለቱም በዝርዝር ነገርኳቸው። ማዮማው የሸፈነውን ማዕዘን በወረቀት ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። «ይሄን ቦታ እስካሁን ማንም አላየውም» አልኳቸው። እናትየው ሥዕሉን ረጅም ሰዓት አዩት። «እንግዲያስ ይታይ» አሉ።

ማህፀኑን ሳያዩ መጥረግስ ለምን አልመረጥንም? እሱም በጭፍን የሚሠራ ነው። በ1970ዎቹ ማህፀን ከመውጣቱ በፊት ተጠርጎ በንጽጽር ሲታይ፣ ከግማሽ በላይ በሆኑት ሴቶች ጠራጊው የደረሰው ከግድግዳው ግማሽ ያነሰውን ነው። በአንድ ጥግ ያለ ነገር ከተጠረጠረ በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ማዕዘኑ

ሂስትሮስኮፒ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ ነው። በማህፀን በር ይገባል፤ ጨዋማ ውሃ እየገባ ክፍተቱን ከፈት ያደርገዋል። ለብዙ ሴቶች ያለ ማደንዘዣ ይሠራል። ለእኚህ እናት በሩ ጠባብ ስለነበር በቀላል ማደንዘዣ አደረግነው።

ግድግዳው በአብዛኛው ነጣ ያለ፣ ለስላሳና ቀጭን ነው። አልትራሳውንዱ በዚህ አልተሳሳተም። የግራው ቱቦ መግቢያ ቁልጭ ብሎ ታየ። ወደ ቀኝ ዞርን። ከማዮማው ስር፣ ማዕዘኑ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጠፍጣፋ ፖሊፕ አለ። ርዝመቱ 1.2 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ላዩ ላይ የተጠማዘዙ የደም ሥሮች አሉ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ቁስል አለ። ሲያዩት ካንሰር ነው የሚያሰኝ ነገር አልነበረም። ብዙ ደህና ፖሊፖችም እንዲህ ይመስላሉ። በዓይን አይቶ መፍረድ ስህተት ነው።

ፖሊፑን ከነሥሩ አወጣነው። ከሌላው ግድግዳም ናሙና ወሰድን። ሁለቱን በተለያየ የፎርማሊን ዕቃ አደረግናቸው፤ በየራሳቸው ስም ተጻፈባቸው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ቲሹው ሁሉ አንድ ዕቃ ውስጥ ተቀላቅሎ ከሄደ ግን ፓቶሎጂስቱ በሽታው ከፖሊፑ ይሁን ከግድግዳው መለየት አይችልም። መጠየቂያው ላይም ዕድሜያቸውን፣ ስንት ጊዜ እንደደሙ፣ ግድግዳው ቀጭን መሆኑንና ያየነውን ሁሉ ጻፍን። ፓቶሎጂስት የሚያየው ቁራጭ ቲሹ ነው፤ ሴትየዋን አላገኛትም። የምንጽፍለት ነገር ዓይኑን ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመራዋል።

ውጤቱ ሲመጣ ፖሊፑ ውስጥ ሴረስ ካንሰር ተገኘ። ፒ53 የሚባለው ፕሮቲን በልዩ ቀለም ሲፈተሽ በካንሰሩ ሕዋሶች ሁሉ ደምቆ ታየ፤ ይህ የሴረስ ዓይነተኛ ምልክት ነው። ከሌላው ግድግዳ የተወሰደው የሳሳ ቲሹ ብቻ ነው። ካንሰር የለበትም። ስለዚህ ናሙናው ከዚያኛው ግድግዳ ብቻ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ «ደህና ነው» ይል ነበር፤ የተናገረውም እውነት ይሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ

ውጤቱን ለመስማት ከልጃቸው ጋር መጡ። ሰው ሲፈራ ብዙ ቃል አይሰማም፤ ስለዚህ በአጭሩ ነገርኳቸው። ካንሰር መሆኑን በስሙ ጠራሁት። እናትየው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ቶሎ ነው ወይስ ረፍዷል?» ያየነው ሁሉ ትንሽና በአንድ ቦታ ያለ እንደሚመስል፣ ግን ይህ ዓይነቱ ትንሽ ሆኖም ሊዛመት ስለሚችል ገና መመርመር እንዳለበት መለስኩላቸው። «ቶሎ ነው» ብዬ ባረጋጋቸው ደስ ባለኝ ነበር። ግን ገና አላወቅኩም።

የደረት፣ የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን ተነሱ፤ የተዛመተ ነገር አልታየም። ከዚያ በካንሰር ቀዶ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ማህፀኑን፣ ቱቦዎቹንና ኦቫሪዎቹን አወጣ። ካንሰር መጀመሪያ ሊደርስባቸው የሚችሉ የዳሌ ንፍፊቶች በቀለም ተለይተው ተወሰዱ። አንጀትን ከሚሸፍነው ሞራም ናሙና ተወሰደ። ለተለመደው የካንሰር ዓይነት ሞራ አይነካም፤ ሴረስ ግን ወደዚያ መሄድ ይወዳል።

ማህፀኑ ሲመረመር በቀኙ ማዕዘን፣ ፖሊፑ በነበረበት ቦታ፣ ጥቂት የካንሰር ሕዋስ ላዩ ላይ ቀርቶ ተገኘ። ወደ ማህፀኑ ጡንቻ አልገባም። ንፍፊቶቹ ነጻ ናቸው። ሞራውም ነጻ ነው። ዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን በ2023 ባሻሻለው የደረጃ አሰጣጥ እንዲህ ያለ ኃይለኛ ዓይነት በፖሊፕ ወይም በግድግዳው ብቻ ሲወሰን ደረጃ 1ሲ ይባላል። የሐኪሞቹ ቡድን ተወያይቶ በብልት ውስጥ የሚሰጥ አጭር የጨረር ሕክምና ተመረጠ። ኬሞ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለውም ተነስቶ ነበር፤ ጡንቻ ውስጥ ስላልገባና ንፍፊቶቹ ነጻ ስለሆኑ፣ እሳቸውም ከተነገራቸው በኋላ ስላልፈለጉ ቀረ። በዘር የሚተላለፈውንና ለአንጀትና ለማህፀን ካንሰር የሚያጋልጠውን ሊንች ሲንድሮም ለማየት የተደረገው የቲሹ ምርመራም ደህና ነው፤ ይህን ስትሰማ ልጃቸው ትንሽ ተነፈሰች።

ክትትላቸው ቀጥሏል። በየጥቂት ወሩ ይመጣሉ፤ ይመረመራሉ፤ ደም፣ የሆድ መነፋት፣ አዲስ ሕመም መኖሩን እንጠይቃቸዋለን። እስካሁን የተመለሰ ነገር የለም። አሁን እሳቸው ራሳቸው ሳልጠይቃቸው ይነግሩኛል። ባለፈው ሲመጡ ጎረቤታቸውንም ይዘው ነበር፤ ሴትየዋ ካረጡ በኋላ ሁለት ጊዜ እድፍ አይተው ደብቀው ኖሯል። የእሳቸው ምክንያት በናሙና ታይቶ ተራ መሳሳት ሆነ፤ ክሬም ታዘዘላቸው።

እኛም የአልትራሳውንድ መጠየቂያችንን ለወጥነው። «ካረጡ በኋላ ደም» ከሚለው ቀጥሎ «ለስንተኛ ጊዜ?» የሚል መስመር ገባ። በመልሱ በኩል ደግሞ ከውፍረቱ ቁጥር ጎን «ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ታይቷል? ካልታየ የትኛው ክፍል ነው?» የሚል ሌላ መስመር አለ። ሁለተኛው መስመር ባዶ ሆኖ የመጣ ወረቀት ተመልሶ ይላካል።